ዕቁብ ወጣልን፤ የቱን ካሜራ እንግዛ?

ጭሮ ውስጥ ካሜራ ልትገዙ እንደሆነ አንድ ሰው ከሰማ ከተማው ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ከሰማው ሰው ሁሉ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ «አቦ፣ ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ባጃጅ ነጂው ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ይጠይቃል፣ በሕይወቱ ካሜራ ነክቶ የማያውቀው የሰፈራችን ልጅ ሳይቀር ይጠይቃል። መልስ ሳንሰጥ ቀድሞ ምክር የሚሰጥም አለ። አንዱ ኒኮን ይላል፣ ሌላው ካኖን ይላል፣ ሦስተኛው «እኔ ብሆን በዚያ ብር አሪፍ ስልክ እገዛ ነበር» ብሎ ይሄዳል።

እኛ አራት ነን። ለወራት የጣልነው ዕቁብ ሲወጣልን አንድ የጋራ ካሜራ ለመግዛት ተስማማን። የተስማማነው ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። የቱን እንደምንገዛ ሳንወስን ብዙ ከሰዓት በኋላዎች አልፈዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የምንጠብቅበት ነገር ደግሞ ብዙ። ሠርግ ሊያነሳልን፣ ከጭሮ ሒርና፣ ከበዴሳ ገለምሶ፣ ካስፈለገም ሚኤሶ ድረስ አብሮን ሊዞር፣ በመጨረሻም የዕቁቡን ብር ሊመልስልን ይገባል። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ጌጥ የምንገዛበት አቅም የለንም።

ስንጨቃጨቅ የደረስንበትን አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። ብዙ ሰው ካሜራ የሚመርጠው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ቦዲውን ይመርጣል፣ በተረፈችው ሳንቲም ሌንስ ይፈልጋል፣ የት እንደሚያነሳበት የሚያስበው ከገዛ በኋላ ነው። ብር ለሌለው ሰው የሚያዋጣው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የምታነሱበትን ቤትና ብርሃን እዩ፣ ከዚያ ለዚያ የሚሆን ሌንስ ምረጡ፣ ቦዲው መጨረሻ ይምጣ።

ይህ ራስ ምታት በሐረርጌ ምድር በእኛ አልተጀመረም። ከ140 ዓመት በፊት አንድ ሰው ልክ እንደኛ ተጨንቋል። ስሙ ራምቦ ነው፤ ፊልም ላይ የምታውቁት ጡንቸኛው ሳይሆን ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ። ግጥሙን ትቶ የአንድ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ኤደን ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1882 በእናቱ በኩል ከሊዮን ከተማ ካሜራ አዘዘ። እናትየው ለልጃቸው ገንዘብ መስጋታቸው አልቀረም። እሱ ግን ሐረር ላይ ፎቶግራፍ ስለማይታወቅ ወጪውን እንደሚመልስ እየጻፈ አግባባቸው። አያችሁ፣ «ሥራ ላይ ይውላል፣ ብሩን ይመልሳል» የምንለው የእኛ ንግግር እሱም ጋ ነበረ።

በ1883 ካሜራው ደርሶት ሐረር ላይ ፎቶ አነሳ፤ ራሱንም ጭምር። በዚያው ዓመት በግንቦት ለቤተሰቡ ሲልክ ግን ፎቶዎቹ እንደነጡ ጻፈ። ምክንያቱ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ መሆኑ ነው። ካሜራው ከፈረንሳይ መጣ፣ ኬሚካሉም መጣ፣ ውሃው ግን የእዚሁ አገር ነው። በ1885 ካሜራውን ሸጠው። እየቆጨው ቢሆንም ሳይከስር መሸጡን ጽፏል።

ለእኛ ከሁሉ የሚገርመን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1887 ራምቦ ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ ከአሳሹ ጁል ቦሬሊ ጋር ሆኖ በኢቱ አገር አድርጎ፣ የእኛን የጨርጨርን ተራሮች አቋርጦ አለፈ። ጭሮ ያኔ አልተቆረቆረችም። በአሰበ ተፈሪ ስም ያቀኗት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዢ ሆነው የመጡት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ሰዎቹ ግን ነበሩ፣ ገበያው ነበረ፣ ተራራው ነበረ። ሐረር ላይ ፎቶ ያነሳው ሰው በመካከላቸው ሲያልፍ ካሜራው ከተሸጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ወሰድን። አንደኛ፣ የካሜራ ዋጋ ማለት የካሜራው ዋጋ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሌላ አገር የተሠራ ዕቃ እዚህ ሲደርስ የእዚህን ውሃ ይጠጣል። ሦስተኛ፣ ስትገዙ መልሳችሁ ልትሸጡት እንደምትችሉ አድርጋችሁ ግዙ።

እንግዲህ ወደ እኛ «ውሃ» እንምጣ። የእኛ ውሃ ብርሃን ነው።

የምዕራብ ሐረርጌ ሠርግ ዳስ ታውቃላችሁ። ከላይ ሸራ ይወጠራል። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራዋም፣ ሚዜውም፣ ሩዙም ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫ ከሆነ ሁሉም የጉበት በሽተኛ ይመስላል። ሲመሽ ደግሞ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ጄኔሬተር ይነሳል፣ አምፖሎቹ ሁለት ሦስት ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ነጭ ሌላው ብርቱካናማ። ኒካህ የሚታሰርበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አባቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ መስኮቷ አንድ ናት። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ሲቃረብ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተጓዥ በከተማችን አቋርጦ ሲያልፍ ለማንሳት ብታስቡ የሚበዛው ሌሊት ነው። በጠራራ ፀሐይ ማንኛውም ካሜራ ያምራል። የእኛ ሥራ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ አይደለም።

ከካሜራው ጋር ተያይዞ የሚሸጠው የተለመደው 18-55 ሌንስ ቀረብ አድርጋችሁ ስታነሱበት ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ትንሿና ርካሿ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ 1.8 ትከፈታለች። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ሒሳቡን ስትሠሩት በ1.8 የሚገባው ብርሃን በ5.6 ከሚገባው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ይህ ማለት በአንደኛው ሌንስ በሰከንድ አንድ አሥረኛ የምታነሱትን፣ ማለትም የሙሽራዋ እጅ ጭስ መስሎ የሚወጣበትን ፎቶ፣ በሌላኛው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ታነሱታላችሁ። አሥር እጥፍ ብርሃን የሚያመጣላችሁ ቦዲ በእኛ ብር አይገኝም። ሌንሷ ግን ካኖንም ኒኮንም ከሚሸጧቸው ሁሉ በጣም ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ናት።

አንድ ጉድለት አላት፤ አትሰፋም። በእነዚህ መለስተኛ ካሜራዎች ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 50 የተባለችው ካኖን ላይ እንደ 80 ትሆናለች። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ እያላችሁ ግድግዳ ይገጥማችኋል፤ ሙሽራዋ ፊቷ ብቻ ይገባል፣ እናቷ ውጭ ትቀራለች። ስለዚህ 18-55ቱን አትጣሉት፤ ለቤተሰብ ፎቶ በ18 ከፍታችሁ ከፍላሽ ጋር ተጠቀሙበት። ኒኮን የሚገዛ ሰው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣችውን 35 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8 ቢያገኝ ለጠባብ ቤት ትሻላለች። የሸራውን ቀለም በተመለከተ ደግሞ መድኃኒቱ ሮው በሚባለው ፎርማት ማንሳት ነው፤ ቀለሙን ቤት ገብታችሁ በኮምፒውተር ታስተካክሉታላችሁ። ፋይሉ ስለሚገዝፍ ግን ተጨማሪ ሜሞሪ ካርድ አስቡ።

አሁን ወደ ቦዲው። «ዲኤስኤልአር እኮ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ኒኮን ለጀማሪ ያወጣው የመጨረሻው ዲ3500 የ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ለእኛ ግን ይህ የምሥራች ነው። ዓለም ጥሎት የሄደው ዕቃ ዋጋው ይወርዳል፣ ፎቶው ግን አብሮ አይወርድም። በ2003 ካኖን 300ዲ ሲወጣ ከ1,000 ዶላር በታች ዋጋ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ሌንስ ሳይኖረው 899 ዶላር ነበር። ዛሬ ከእሱ ብዙ የተሻለ ያገለገለ ካሜራ ከዚያ በብዙ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። አዲስ መግዛት ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሌላ ነገር ሆኗል። ከዚያ በፊት ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፤ የዕቁብ ብር ደግሞ ከዶላር ጋር አብሮ አያድግም።

ሜጋፒክስል ለሚሉት መልስ እንስጥና እንገላገል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ40 ስድስት ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ያ ፎቶ በጥሩ ጥራት፣ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። የሠርግ አልበም ገጽ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ስልካችሁ 50 ቢልም ሴንሰሩ ከጥፍር ስለማይበልጥ የጨለማ ዳስ ውስጥ ቁጥሩ አያድናችሁም።

ይሁን እንጂ ዲ40 ላይ ወጥመድ አለ፤ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትንደረደሩ። ዲ40፣ ዲ60፣ የ3000 እና የ5000 ቤተሰቦች ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። የራሷ ሞተር የሌላትን የድሮዋን ርካሽ 50 ስትገጥሙ ራሷ አትፎክስም፤ በእጅ እያዞራችሁ ሙሽራ መከተል ነው። ዲ90 እና ዲ7000 ግን ሞተሩ አላቸው። ከእኛ አንዱ እስከ መጨረሻው «ዲ90!» እያለ የተከራከረው ለዚህ ነው፤ ቪዲዮ መቅረጽ የጀመረው የመጀመሪያው ዲኤስኤልአርም እሱ ነው።

ካኖን ላይ ደግሞ የስም ወጥመድ አለ። አንዱ ካሜራ ሦስት ስም ይዞ ይዞራል። 600ዲ የሚባለው አሜሪካ ሲሸጥ ሬብል ቲ3አይ፣ ጃፓን ሲሸጥ ኪስ ኤክስ5 ይባላል። ደላላው «ይኼኛው የአሜሪካ ነው፣ ሌላ ሞዴል ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉት። ሚኒሶታ ያለች አክስታችሁ ከላከችላችሁም ያው ነው፤ ቻርጀሩ ላይ 100-240 የሚል ከተጻፈ መሰኪያውን ብቻ የሚቀይር አዳፕተር ይበቃዋል።

በመጨረሻ ያገለገለ 600ዲ መረጥን። ምክንያታችንን ስንነግራችሁ ምናልባት ትስቁ ይሆናል። ከዲ90 በልጦብን አይደለም፤ ጎረቤቶቻችን ካኖን ስለያዙ ነው። እዚህ የምናውቃቸው ሠርግ አንሺዎች እጅ ላይ የምናየው 550ዲ፣ 600ዲ፣ 700ዲ ነው። የእነዚህ ሁሉ ባትሪ አንድ ነው፤ ኤልፒ-ኢ8 ይባላል። ሠርግ መሀል ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቻርጀር ሲበላሽ፣ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ፣ የሚያድናችሁ ሰው የሚቀጥለው ሰፈር ያለው ፎቶ አንሺ ነው። ሌንስ ያበድራችኋል፣ ታበድሩታላችሁ። ከተማችሁ ኒኮን የያዘች ከሆነች ኒኮን ግዙ። ምርጡ ካሜራ ጎረቤት ያለው ካሜራ ነው።

አንድ ነገር ግን እወቁ። 600ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ አንዱ ክሊፕ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ይቆማል፤ በፉል ኤችዲ 12 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። የሽማግሌ ምርቃት ከ12 ደቂቃ በላይ እንደሚሄድ ለእናንተ አንነግራችሁም፤ ቆጣሪውን እያያችሁ ለትንፋሽ ሲያርፉ አቁማችሁ ቀጥሉ።

ከዚያ ወዴት? ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወይስ አዲስ አበባ? የትም ይሁን ደረሰኝ ያዙ። ደረሰኝ የሌለው ኤሌክትሮኒክስ ኬላ ላይ ጭንቀት ነው፤ ሲሸጥም ዋጋው ይወርዳል። ዕቃውን ስታዩ አትቸኩሉ። ሌንሱን አውልቃችሁ የስልክ ባትሪ አብሩበት፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና መልሱለት። ቀዳዳውን ወደ 16 አጥብባችሁ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ ሴንሰሩ ቆሽሿል፣ መጽዳት ይፈልጋል። ባትሪው አብጦ እንደሆነ ዳስሱት። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰም ጠይቁ። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ካኖን ላይ ብዙውን ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ይጠይቃል። የእንዲህ ያሉ ካሜራዎች ሹተር ዕድሜ በተለምዶ 100,000 ገደማ ተብሎ ይታሰባል። አንድ ሠርግ ላይ 1,500 ጊዜ ብትጫኑ 67 ሠርግ ላይ እዚያ ደርሳችኋል። «አንድ ሠርግ ብቻ ነው ያነሳሁበት» የሚላችሁን ሻጭ ቁጥሩን እያያችሁ እመኑት።

ብሩን የከፈልነው እንዲህ ነው። ግማሽ ያህሉን ለቦዲውና ለ18-55ቱ አደረግን። ከቀሪው ግማሽ ላይ ባለ 1.8ዋን 50 ገዛን፣ ያገለገለ ፍላሽ ገዛን፣ ሁለተኛ ባትሪና ሁለት ሜሞሪ ካርድ ጨመርን። ከሚኤሶ መንገድ አቧራና ከጨርጨር ዝናብ የምትከላከል ዚፏ የምትዘጋ ቦርሳም አለችበት። ካርዶቹን ገበያ ላይ እያለን ሞልተን ሞከርናቸው፤ 64 ተብሎ ተጽፎበት 8 የሚይዝ ካርድ አለና። ጥቂት ብር ደግሞ አልነካናትም። የምን እንደሆነች እንነግራችኋለን።

በእኛ አካባቢ ብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶ አለ። ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ተነስቶ፣ ፎቶ ቤት ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ፣ ጥጉ ላይ የማኅተሙ ግማሽ ክብ ሳይጠፋ የቀረ። ሰውየው ሰባ ሰማንያ ዓመት ኖረዋል፤ ልጅ ድረዋል፣ ቡና ተክለዋል፣ ሽምግልና ተቀምጠዋል። የቀራቸው መልክ ግን ለመታወቂያ ሲባል ደንገጥ ብለው የተነሱት ያ ብቻ ነው። ከሞቱ በኋላ ልጆቹ ሌላ ፎቶ ፈልገው ያጣሉ። «ስልክ እያለ?» ትሉ ይሆናል። ስልኩ ተሰርቋል፣ ወይም ውሃ ገብቶበታል፣ ወይም ሜሞሪው ሲሞላ ለዘፈን ቦታ ለመልቀቅ ተሰርዟል። ያልታጠበ ፎቶ እዚህ አገር ዕድሜው አጭር ነው።

ያልነካናት ብር የማሳጠቢያ ናት። ከምናነሳው ሠርግ ሁሉ ላይ አንድ አዛውንት እንመርጣለን፤ የሙሽራውን አያት ወይም የሙሽሪትን አክስት። ከዳሱ ሸራ ሥር አውጥተን በር ላይ፣ ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት እናስቀምጣቸዋለን። በ50ዋ ሌንስ እናነሳቸዋለን። አሳጥበን፣ በነፃ፣ ለቤተሰቡ በእጅ እንሰጣለን። የዕቁቡን ብር የሚመልሱት ሠርጎቹ ናቸው። ካሜራው ኋላ ላይ ይሸጣል፣ ሹተሩም አንድ ቀን ይቆማል፤ እኛም ከራምቦ የተለየ ዕድል የለንም። ተሽጦ ሲሄድ ግን ገለምሶና ሒርና፣ በዴሳና ጭሮ ግድግዳዎች ላይ ማኅተም የሌለባቸው ጥቂት ፊቶች ይቀራሉ።

እናንተም ካሜራ ልትገዙ እያሰባችሁ ከሆነ ሜጋፒክስሉን ለጠያቂዎቻችሁ ተዉላቸውና መጀመሪያ ማንን ልታነሱ እንደሆነ ወስኑ። ደግ ብርሃን ይግጠማችሁ!